በረኛ ማን ይሁን?

ሮቤ ስል የባሌውን እንዳይመስላችሁ፤ የአርሲውን ነው። እዚህ ክረምት ሲገባ ጭቃው ከቤት አያስወጣም፤ መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥን የለም፤ ቴሌቪዥን ከሌለ ደግሞ ቤት ውስጥ የታጎረው ልጅ ሁሉ እርስ በርሱ መደባደብ ይጀምራል። ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ይህን ግርግር ሲያይ፣ “ጋሼ፣ አንድ ጨዋታ ላሳያቸው?” አለኝ። ጨዋታው ሰሌዳ የለው፣ ካርታ የለው፣ ጠጠር የለው። ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ብቻ። ዳይሱን ከጎረቤት ሉዶ ላይ ተዋስን።

ጨዋታው በፈረንጆቹ ዘንድ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነው። የሚና ጨዋታ እንበለው። አንዱ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪው “ከፊታችሁ ገደል አለ፤ ከገደሉ ማዶ ጅብ የሚመስል ነገር ቆሟል፤ ምን ታደርጋላችሁ?” ይላል። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይፈርዳል። እርስ በርስ መሸናነፍ የለም። ወይ አብረው ይወጡታል፣ ወይ አብረው ያልቃሉ። ተረት ተረት ነው በሉት፤ ልዩነቱ አድማጩ መሐል ገብቶ ጦጢትን “ተይ፣ በዚያ በኩል አትሂጂ” ማለት መቻሉ ነው።

ታዲያ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም “መደብ” መምረጥ አለበት። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው መደብ ሲባል ትዝ የሚለው ወይ የመደብ ትግል ነው፣ ወይ እንግዳ የሚቀመጥበት የጭቃ መደብ። እዚህ ግን የሙያ ዓይነት ማለት ነው። ተዋጊ ነህ? አስማተኛ ነህ? ምን ትችላለህ? ምን አትችልም? መደብህ ይህን ይወስናል። ሚና የሚባለው ደግሞ ከመደቡ ትንሽ ይለያል። መደብ ማን እንደሆንክ ነው፤ ሚና ቡድኑ ሲቸገር ከአንተ የሚጠብቀው ሥራ ነው። ሁለቱ አንድ የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው። እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርኩ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አመጣጡ ከጦር ጨዋታ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ የጦር ጨዋታ ሲያዘጋጅ፣ ለተጫዋቾቹ ሻለቃና ብርጌድ በማደል ፋንታ አንዱን ከንቲባ፣ ሌላውን ባለባንክ እያደረገ ሾማቸው። በዚያ ጨዋታ ከተሳተፉት አንዱ ዴቭ አርንሰን ነው። አርንሰን ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ ላይ “ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ” የተባለውን ጨዋታ አወጣ። መደቦቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። በዓመቱ በ1975 ሌባ ተጨመረ። አዎ፣ ሌባ! ወጥመድ የሚያከሽፍ፣ ቁልፍ የሚከፍት ሰው አስፈልጎ ነው።

የካህኑ ነገር ያስቀኛል። በአርንሰን ቡድን ውስጥ አንድ ተጫዋች ደም መጣጭ ሙት ሆኖ ይጫወት ነበር፤ እየበረታ ሄዶ ሌሎቹን አላስቆም አላስቀምጥ አለ። እሱን የሚመክት ሰው ሲፈለግ ነው ካህን የተፈጠረው ይባላል። አንድ መደብ ሙሉ አንድን ጉልበተኛ ለማስታገስ ተሠራ ማለት ነው። ቁስል የሚፈውሰው ሰው ሥራ መነሻው ይህ ነው።

እነዚህን መደቦች ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው የተሠሩት ከጉድለት ነው። ተዋጊው ጥሩር ይለብሳል፣ ጎራዴ ይመዛል፣ አስማት ግን አያውቅም። አስማተኛው ጥሩር አይለብስም፤ ጀማሪ ሲሆን በቀን አንድ አስማት ብቻ ነው የሚሠራው፤ አንዱን ከጨረሰ በኋላ ከተዋጊው ጀርባ ተደብቆ መዋል ነው። ካህኑ ስለት ያለው መሣሪያ አይዝም። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ የሕይወት ነጥብ የሚጣለው ለተዋጊ ባለ 10 ገጽ፣ ለካህን ባለ 8፣ ለሌባ ባለ 6፣ ለአስማተኛ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ነው። ዳይሱ ራሱ ማን ፊት መቆም እንዳለበት ይናገራል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ካልሸፈነ ቡድኑ ከመጀመሪያው ዋሻ አይወጣም።

እኛም አገር ሰንጠረዥ ላይ ይህ ክፍፍል አለ። ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፈረሱ፣ መደቁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አካሄድ አላቸው። ነገር ግን በሰንጠረዥ ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው ነው። መደቅ ቢበላ ማንም አያኮርፍም። በሚና ጨዋታ መደቁም ባለቤት አለው፤ አጠገብህ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ አስበላኸው ማለት ሻዩን አቋርጦ ይነሳል ማለት ነው። የዚህ ጨዋታ ፈጣሪዎች ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተቸገሩት በዚህ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው አራተኛ እትም፣ ሚናዎቹ በግልጽ ስም ወጣላቸው። አራት ናቸው። ጠላትን ወደ ራሱ ስቦ ሌሎቹን የሚከላከል፣ አንዱን ጠላት መርጦ የሚያጠቃ፣ ወገኑን የሚያበረታና የሚፈውስ መሪ፣ የጦር ሜዳውን የሚቆጣጠር። ኳስ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ተከላካይ፣ አጥቂ፣ አማካይ እያልን ያደግንበት ነው። ብዙ ተጫዋች ግን በግልጽነቱ አልተደሰተም፤ “ሰው ሆኜ ልጫወት መጥቼ የሥራ መደብ ተሰጠኝ” ያለ ነበር። በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም ስሞቹን ከመጽሐፉ አወጣቸው። ሥራው ግን አልቀረም። ስሙን ብታነሳው ከፊት የሚመታ ሰው መኖሩ አይቀርም።

አሁን ወደ በረኛው ልምጣ። በሰፈር ኳስ በረኛ የሚሆነው ማነው? ትንሹ ልጅ። ወይም ትናንት የመጣው። የኳሱ ባለቤት በረኛ ሲሆን አይቼ አላውቅም። በሚና ጨዋታ በረኛው ፈዋሹ ነው። ሁሉም ይፈልገዋል፣ ማንም መሆን አይፈልግም። ተዋጊው ይዘላል፣ ይቆርጣል፤ ፈዋሹ ተራው ሲደርስ “ቁስሉን አሰርኩለት” ብሎ ዝም ይላል። እኛ ቤት ይህ ዕጣ የወደቀባት የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሦስት ቀን አንድም ቃል ሳትናገር ቁስል ስታስር ቆየች። በአራተኛው ቀን፣ “እኔ እስካሁን የሠራሁት ነገር የለም፤ እነሱ ሲሠሩ ነው የማየው” አለች። ወንዶቹ ሳቁ። ትክክል የነበረችው ግን እሷ ናት።

አርሲ ላይ ሆኖ ይህን አለመረዳት ያሳፍራል። አሯሯጭ የሚባለውን እናውቃለን። ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይመራል፣ ነፋሱን ይቀበላል፣ ከዚያ ከመስመሩ ይወጣል፤ ሪከርዱ በሌላ ሰው ስም ይጻፋል። ለዚያ ሥራው ግን ይከፈለዋል። በ1996 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የአቴንስን 10 ሺህ ሜትር ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስታውሳል። የበቆጂው ቀነኒሳና ስለሺ ስሕን ከፊት ሆነው እየዞሩ ኋላ ያያሉ፤ እግሩን ታሞ ወደኋላ የቀረውን ኃይሌን እየጠበቁ ፍጥነታቸውን ቀነስ ያደርጋሉ። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ እነሱ ወርቅና ብር ወሰዱ። በዚያን ቀን ማን መሪ፣ ማን አሯሯጭ፣ ማን አጥቂ እንደነበር ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ሚናው በየዙሩ ይቀያየር ነበር። የእኛይቱ ልጅ ግን የማይቀያየር ሚና፣ ያለ ክፍያ ነው የያዘችው።

ፈረንጆቹ ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ቀላል ነው። በአራተኛው እትም ፈዋሹ ፈውሱን የሚያደርገው በተራው ትርፍ ቅንጣት ነው፤ ዋናውን ተራውን ይዞ ይመታል፣ ይሮጣል፣ ያሻውን ያደርጋል። አንድም ቀን ሌላውን በማከም ምክንያት ተራ አያልፈውም። የእህቴ ልጅ ይህን ደንብ አስገባልን። ትንሽ ረዳ። እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ።

ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። የፈረንጅ ጠንቋይና ዘንዶ ለምን? የራሳችን ማዕረግ እያለ! ብዬ ካርቶን ቀድጄ ካርድ ጻፍኩ። ጨዋታው ዓድዋ ይሆናል። ፊታውራሪ ከፊት የሚዘምተው ነው። ቀኝአዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው፣ ደጃዝማች የንጉሡ ድንኳን ደጅ። አዝማሪ አለ፣ ተዋጊውን በፉከራ የሚያነሳሳ። ደብተራ አለ፣ ክታብ የሚጽፍ፣ ሥር የሚያውቅ። ሥንቅ የምታዘጋጀዋ አለች፤ ያለእሷ ዘመቻ የለም። ከሁሉም የወደድኩት ሊቀ መኳስ ነው። የንጉሡን ልብስ የመሰለ ለብሶ፣ ጠላት ንጉሡ መስሎት እሱን እንዲያሳድድ የሚደረግ ሰው። ከሚናዎቹ “ጠላትን ወደ ራሱ የሚስብ” የተባለውን ፈረንጆቹ በ2008 ስም ሳያወጡለት በፊት የእኛ ቤተ መንግሥት ሹመት ሰጥቶት ነበር።

የእህቴ ልጅ ካርዶቹን አይቶ ቶሎ ጉድለቱን ያዘ። “ጋሼ፣ ቀኝአዝማችና ግራዝማች ልዩነታቸው ምንድን ነው?” አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ነዋ! “ሥራቸውስ?” ሥራቸው አንድ ነው። ማዕረጉ የቆሙበትን ቦታ ነው የሚናገረው። ለጨዋታ መደብ አይሆንም። እኔም መጽሐፌን ሳገላብጥ የባሰ ነገር አገኘሁ። በመቀሌና በዓድዋ መድፉን የያዙት ባልቻና አባተ ቧያለው ናቸው። ባልቻ ማዕረጋቸው በጅሮንድ ነው፤ የግምጃ ቤት ሹም። አባተ ሊቀ መኳስ ናቸው። አንዱ ገንዘብ ያዥ፣ ሌላው የንጉሥ አምሳያ፣ ሥራቸው መድፍ መተኮስ! መደብ ሌላ፣ ሚና ሌላ ማለት ይኼው ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም በኋላ የጦር ሚኒስትር ሆነው ፊታውራሪ እንደተባሉ ኖረዋል። በጃንሆይ ዘመን ደግሞ ግራ ክንፍ አይቶ የማያውቅ ስንቱ ግራዝማች ነበር! (ማዕረጎቹ ከዙፋኑ ጋር መውደቅ የጀመሩት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ ጨዋታ በታተመበት ዓመት። መገጣጠሙ ደስ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።)

ይህን አስተካክዬ፣ ስምንት የነበረውን ካርድ ወደ አምስት ዝቅ አድርጌ አመጣሁ። ልጆቹ መረጡ። የጎረቤታችን ልጅ ፊታውራሪን ወሰደች፤ እሰይ አልኩ። አንዱ ልጅ ግን ካርዱን ገልብጦ መሬት ላይ አስቀመጠው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲጫወት ከሁሉም የሚጮኸው እሱ ነው። “ምነው?” ስለው፣ “የአያቴ አባት ለእነዚህ ሰዎች አልነበረም የሚዋጋው፤ ከእነሱ ጋር ነበር የሚዋጋው” አለኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ታሪክ አስተማሪው እኔ ነኝ እኮ! ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በራስ ዳርጌ የተመራው ጦር አርሲን ለማስገበር በ1870ዎቹ ስንት ዓመት እንደፈጀበት፣ አርሲዎች በጦርና በጋሻ ጠመንጃን እንዴት እንደተቋቋሙ፣ ምን ያህል ሰው እንዳለቀ ክፍል ውስጥ ቆሜ ተናግሬዋለሁ። ዓድዋ የመጣው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በዓድዋ የኦሮሞ ፈረሰኛ እንደነበረም ተናግሬያለሁ፤ ለልጁም ነገርኩት። “እሱ ሌላ ነው” አለኝ። አልተከራከርኩትም። እኔ ራሴ ከሁለቱም ወገን የተወለድኩ ነኝ፤ በአንዱ ወገን አያቴ ፉከራ ያደግኩትን ያህል የሌላውን አያቴን ዝምታ አይቻለሁ። ካርዱን ስጽፍ ግን የታየኝ አንደኛው ብቻ ነው።

ፈረንጆቹ ይህ ችግር የማይነካቸው መስሎኝ ነበር። የእነሱ ጠላት “ኦርክ” የሚባል ፍጡር ነው፤ የኦርክ የልጅ ልጅ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም። የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ ግን እዚያም ተነስቷል። ከተወለደ ጀምሮ ክፉ የሆነ ዘር አለ ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ፣ አሳታሚው በ2020 እ.ኤ.አ. የኦርኮቹን አገላለጽ እንደሚለውጥ አስታወቀ፤ በ2024 በወጣው መጽሐፍ “ዘር” የሚለው ቃል ራሱ ወጥቶ በሌላ ተተካ። መደብ ስትጽፍ ጀግናው ማን እንደሆነ እየጻፍክ ነው፤ ጀግናው ከታወቀ ከማዶ ያለውም ታወቀ።

ዓድዋን ለዚያ ጠረጴዛ ተውኩት። የማንም ያልሆነ ደጋ አበጀን፤ ጭጋግ ያለው፣ ጅብ የሚናገርበት። ሚናዎቹን ከዚህ ከምንኖርበት ወሰድን። ከገዳ ሥርዓት አባ ዱላ መጣ፤ የዘመቻ መሪ ነው። አሯሯጭ መጣ፤ ከፊት ሮጦ መንገድ የሚያይ። ፈረሰኛ መጣ፤ አርሲ ያለ ፈረስ አይሆንም። ከገዳ አንድ ደንብም ወሰድን። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ እንደሚተላለፍ ሁሉ እኛም ሚናውን በየቀኑ አዞርነው። ዛሬ አባ ዱላ የሆነ ነገ ቁስል ያስራል። በረኛነት የአንድ ሰው ዕጣ መሆኑ ቀረ። ኪሳራም አለው፤ ሰው ካርዱን ገና ሲለምደው ይነጠቃል፤ “የኔ ሰውዬ” የሚለው ፍቅር ይቀንሳል። ፈረንጆቹ ለዚህ ነው መሰለኝ አንዴ የመረጥከውን መደብ ለወራት እንድትይዘው የሚያደርጉት።

ልጅቷ አንድ ቀን “ሲንቄስ?” አለች። ደስ ብሎኝ ልጽፍ ስል የዚያ ካርድ የገለበጠው ልጅ አያት ከበር ሆነው ሰሙን። አዴ ብለን ነው የምንጠራቸው። “ሲንቄ መጫወቻ ሆነ እንዴ?” አሉ። ደነገጥን። ቡና አፍልተን አስቀመጥናቸው። ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ናት። ሴት ስትበደል ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰማች ሁሉ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ሁለት ወገን ሲዋጋ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው መሐል ይቆማሉ፤ ያንን አልፎ የሚሄድ ወንድ የለም። “ብቻዋን የወጣች ሴት ግን ምንም አታቆምም” አሉ አዴ። “ሌሎቹ ካልወጡ እንጨት ናት።” ልጅቷን አይተው፣ “አንቺ ደግሞ ገና አልተዳርሽም” አሉና ሳቁ።

በአራቱ የፈረንጅ ሚናዎች ውስጥ ይህ የለም። አይመታም፣ አይከላከልም፣ አይፈውስም፤ ውጊያውን ያቆማል። እንዴት ደንብ ይሁን? ሁለት ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያገባች ሴት የሆነ ተጫዋች በጨዋታ አንድ ጊዜ መጮኽ ይችላል። ጥሪው የሚሠራው ግን ቢያንስ ሁለት ተጫዋቾች ተራቸውን ትተው አብረው ከቆሙ ነው። ያኔ ዳይስ አይጣልም፤ ውጊያው ይቆማል፤ ተራኪው ጠላቱን ማናገር ግዴታው ነው። ከመጮኹ በፊት የተበደለው ማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ራሱን ለማትረፍ ብሎ መጮኽ አይችልም። አዴ ሰምተው፣ “ይሁን፤ ግን በትር አትያዙ” አሉ። በትር አልያዝንም።

የመጀመሪያ ቀን ልጅቷ ስትጮኽ ማንም አልቆመም፤ ወንዶቹ ሊያሸንፉ ሦስት ነጥብ ቀርቷቸው ነበር። አሸነፉም። ልጅቷ እስክትሄድ አላናገረቻቸውም። በሳምንቱ ሚናው ዞሮ ለዚያው ልጅ ደረሰው። ጅቦቹ የከበቡት አሯሯጩን ነበር። ጮኸ። ዝም ብለው ተያዩ። መጀመሪያ ልጅቷ አባ ዱላነቷን ትታ ካርዷን ከእሱ ካርድ ጎን አስቀመጠች፤ ቀጥሎ ትንሹ ልጅ። የእህቴ ልጅ የጅቡ መሪ ሆኖ ማውራት ነበረበት፤ አላሰበበትም ነበርና ሲንተባተብ አስቀን።

እሱ አሁን ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። ተራኪው እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚለው ከሆነ ጅብ መሆን አልችልበትም። የሉዶው ባለቤት ዳይሱን መልሱልኝ እያለ ነው።